ከቀኑ 8 ሰዓት መንደር ውስጥ ማን አለ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ። መልስ የሚሰጡት በአዲስ አበባ ለ26 ዓመት በእሳት አደጋ መኪና ላይ ሠርተው ጡረታ የወጡ ባለሙያ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ከሱሉልታ ወደ ጫንጮ በሚወስደው መንገድ ከአስፋልቱ ገባ ብላ የምትገኝ መንደር ነዋሪ ነኝ። መምህርት ነኝ፤ የእድራችንም ጸሐፊ ነኝ። ወደ 90 አባወራ እንሆናለን። የብዙው ሰው ኑሮ ወተትና ድርቆሽ ነው። ባለፈው የካቲት ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ የአንድ ጎረቤታችን የድርቆሽ ክምር ተቀጣጠለና ነፋሱ እሳቱን ወደ ሁለት ቤት አሻገረው። ሰው አልሞተም፤ አንዲት ጊደርና የሁለት ቤተሰብ ንብረት ግን ዓይናችን እያየ አመድ ሆነ። የእሳት አደጋ መኪና የደረሰው ጣሪያው ከወረደ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊዎች ቡድን እናቋቁም ብዬ ማስታወቂያ ለጠፍኩ፣ በእድር ስብሰባም ተናገርኩ። 14 ወጣቶች ተመዘገቡ፤ ሁሉም ወንዶች ናቸው። በመጀመሪያው ስብሰባ 11 መጡ፣ በሦስተኛው 4። አንዳንድ ሽማግሌዎች ደግሞ “ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፤ እኛን ምን አገባን?” ይላሉ። አሁን ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ሊታጨድ ነው፤ የእኔም ፍርሃት አብሮ ተመልሷል። ሰው እንዴት ልመልምል? የመጣውንስ እንዴት ላቆየው?
የእድር ጸሐፊዋ፣ ከሱሉልታ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ያሰመርኩበት ቦታ “ከቀኑ 8 ሰዓት” የሚለው ነው። እስቲ የ14ቱን ስም ዝርዝር አውጪና ከእያንዳንዱ ስም ጎን ያ ሰው ማክሰኞ ከቀኑ 8 ሰዓት የት እንደሚውል ጻፊ። አንዱ ጠዋት በ12 ሰዓት ታክሲ ተሳፍሮ እንጦጦን ተሻግሮ አዲስ አበባ የቀን ሥራ ላይ ነው። አንዱ ፋብሪካ ፈረቃ ገብቷል። አንዱ ትምህርት ቤት ነው። ከ14ቱ በዚያ ሰዓት መንደር ውስጥ የሚገኙት ሁለት ወይም ሦስት ቢሆኑ አይገርመኝም። የሣርና የድርቆሽ እሳት ደግሞ የሚበረታው ፀሐይዋ ሣሩን ካደረቀችው፣ ነፋሱም ከተነሣ በኋላ፣ ከ6 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ልጆቹ ፈቃደኞች መሆናቸው እውነት ነው። ግን እሳቱ ሲነሣ መንደር ውስጥ የሉም።

ስለዚህ ምልመላውን ከሰዓቱ ጀምሪ። በዚያ ሰዓት መንደር ውስጥ ማን አለ? ወተት አስረክበው የተመለሱ እናቶች አሉ። ጠላ የምትጠምቀዋ ሴት አለች። የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ፣ ባለሱቁ፣ በጡረታ ያሉ አባት፣ ከሰዓት በኋላ ትምህርት የሌላቸው የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጆች አሉ። አንቺም አለሽ። የቀኑ ቡድንሽ እነዚህ ናቸው። 14ቱን ወጣቶች አትተያቸው፤ ለማታ፣ ለሌሊትና ለእሑድ ያስፈልጉሻል። ቀኑን ለነሱ ብቻ ጥለሽ ግን አትተኚ።

ይህን ያስተማረችኝ አንዲት እናት ናት። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ከከተማው ዳር ወዳለች መንደር ተጠርተን ሄድን። መንገዱ ጭቃ ነበርና ዘገየን። ስንደርስ ሁለት ቤት ወድቋል፣ ሦስተኛው ግን ቆሟል። በኋላ እንደነገሩን መጀመሪያ ሰው ሁሉ ያለውን ውሃ በአንድ ጊዜ ደፋና ባዶ እጁን ቀረ፤ ከዚያም እያንዳንዱ ለየብቻው ወደ ምንጩ ይሮጥ ጀመር። ያቺ ሴት ጓሮዋ ሦስት በርሜል ውሃ ነበራት። ሴቶቹንና ልጆቹን ከበርሜሉ እስከ ሦስተኛው ቤት በሁለት ረድፍ አቆመቻቸው። በአንዱ ረድፍ ሙሉው ጀሪካን ይሄዳል፣ በሌላው ባዶው ይመለሳል። ወንዶቹን ደግሞ ከምንጩ በርሜሉን እንዲሞሉ አደረገቻቸው። እኛ የሠራነው ፍሙን ማጥፋት ብቻ ነበር። “ይህን ማን አሠለጠነሽ?” ብዬ ስጠይቃት “ለሠርግ ውሃ ስናቀብል እንዲህ አይደል?” አለችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ መንደር ስገባ መጀመሪያ የምፈልገው ድግስ የምታስተናግደዋን ሴት ነው። በየመንደሩ አለች፤ በእናንተም እንደምትኖር አልጠራጠርም። ሰውን ማዘዝ ታውቃለች፣ ሰውም ይሰማታል። የቡድኑ አስተባባሪ እሷ ትሁን።

ሁለተኛው ነገር አጠያየቅሽ ነው። “እሳት አጥፊ ሁኑ” ሲባል ሰው የሚታየው ነበልባል ውስጥ መግባት ነው፤ ልቡ የደፈረ ወጣት ብቻ ይመዘገባል፣ የቀረው “ይህ ለእኔ አይሆንም” ብሎ ይቀመጣል። ማስታወቂያውን ተይውና ቤት ለቤት ሂጂ፤ ቡና ሲፈላ ተቀመጪ፤ ለእያንዳንዱ ሰው በልኩ አንድ ሥራ ስጪው። ባለሱቁን “ስልክህ ሁልጊዜ ካርድ አለው፤ እሳት ሲነሣ የምትደውለው አንተ ነህ” በዪው። የወፍጮ ቤቱን ሠራተኛ “መብራት የምታጠፋው አንተ ነህ” በዪው፤ ቆጣሪና ማብሪያ ማጥፊያ ያውቃልና። አንድ ጎበዝ ልጅ ወደ አስፋልቱ ሮጦ መኪናውን ይጠብቃል፣ መንገድ ይመራል። አንዲት ጎረቤት ከተቃጠለው ቤት የወጡትን በስማቸው እየጠራች ትቆጥራለች፤ ይህ ቀላል ይመስላል እንጂ ስንት ጊዜ ባዶ ቤት ውስጥ ሰው ስንፈልግ ጊዜ አጥፍተናል! እናንተ ደግሞ ከብት አርቢዎች ናችሁና ላሞቹን የሚፈታና ከነፋሱ በተቃራኒ የሚነዳ ሰው ለብቻው ይኑር። የተፈታች ላም ወደ ለመደችው በረት ልትመለስ ስለምትችል የበረቱን በር ዘግቶ ይሂድ።

ስትጠይቂ በሚገባቸው ቋንቋ ጠይቂ። በእናንተ አካባቢ ብዙው ሰው አፋን ኦሮሞ የሚናገር ነው፤ ሲደነግጥ የሚጮኸው “ኢቢዳ!” (እሳት!) ብሎ ነው። ልምምዱም ትእዛዙም በሁለቱም ቋንቋ ይሁን።

የእድራችሁን ጡሩምባ ለእሳት አትጠቀሙበት። ጡሩምባ የለቅሶ ነው፤ ሰው ሲሰማው ነጠላውን አዘቅዝቆ “ማን ሞተ?” እያለ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ለእሳቱ ትምህርት ቤታችሁ ደወል እንደሚያደርገው አሮጌ የመኪና ቸርኬ ከዛፍ ላይ ስቀሉና ሳያቋርጡ መደብደብ ምልክቱ ይሁን።

ለሽማግሌዎቹ ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። አዎ፣ መንግሥት ግዴታ አለበት፤ መኪናም መንገድም ውሃም መጠየቃችሁን አታቁሙ። ግን በቺሊ አገር የከተማና የመንደር እሳት አጥፊው ከሞላ ጎደል በሙሉ በጎ ፈቃደኛ ነው። ጀርመንን በሚያህል ሀብታም አገር ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊዎች አሉ፤ ትናንሽ መንደሮችን የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። የራሳችንንም አንርሳ። በ1992 ዓ.ም የባሌና የቦረና ደን ሲነድ ገበሬው፣ ወታደሩና ተማሪው በቅጠልና በአፈር ነው የተጋደለው። በ2011 ዓ.ም የሰሜን ተራሮች ሲቃጠል ከውጭ ባለሙያ እስኪመጣ ድረስ ገደሉን የወጣው የአካባቢው ሰው ነው። ለሽማግሌዎቹ ይህን ስትነግሪያቸው ሌላም ጨምሪ፦ እናንተ ድረስ መኪናው በፍጥነት ቢመጣ እንኳ ግማሽ ሰዓት ይወስድበታል፤ ደረቅ ድርቆሽ ግማሽ ሰዓት አይጠብቅም።

አሁን ሰውን ስለማቆየት። ሰው የሚሸሸው ሰነፍ ሆኖ አይመስለኝም። በልቡ የማይናገረው ጥያቄ አለ፦ “እኔ ብቃጠል ልጆቼን ማን ያበላቸዋል?” ይህ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ስም ማስመዝገብ ሰውን መበደል ነው። መልሱ ደግሞ በእጅሽ ነው፤ የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ የምትጽፊው አንቺ አይደለሽ? ጠቅላላ ጉባኤው ሦስት ነገር ይወስን። በእሳት ሥራ ላይ የተጎዳ አባል ሕክምናውን እድሩ ይሸፍናል። እስኪያገግም የሣሩን አጨዳና የወተቱን ሥራ ጎረቤት በደቦ ይሠራለታል። በእሳት ወይም በልምምድ ምክንያት ከቀብር የቀረ አባል የቀሪ ቅጣት አይከፍልም። ይህ ሦስተኛው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ለሰው ግን ሥራው እንደ ቀብር የተከበረ መሆኑን የሚነግረው እሱ ነው። ይህ ተጽፎ ከተፈረመ በኋላ ብቻ መዝገቡን ክፈቺ።

ሌላው ሰው የሚሸሽበት ምክንያት ስብሰባው ራሱ ነው። ሦስት ጊዜ ጠርተሽ ሦስት ጊዜ ካወራችሁ ለአራተኛው ለምን ይመጣል? ከእንግዲህ ስብሰባ የሚባል ነገር አይኑር፤ በ15 ቀን አንዴ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግማሽ ሰዓት ልምምድ ብቻ። ቸርኬው ይደወል፤ ሰው ከየቤቱ ይውጣ፤ ከጉድጓዱ እስከ መጨረሻው ቤት ሰንሰለቱ ይሠራ፤ በሰዓት ይለካ። ባለፈው 9 ደቂቃ የፈጀው ዛሬ 6 ከሆነ ሰው ራሱ ሊያሻሽለው ይመጣል። 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉውን 20 ኪሎ ነው፤ አምስት ጊዜ ካቀበሉት ክንድ ይዝላል። ግማሹን ሙሉት። ያኔ የ60 ዓመት እናትም ሳትደክም ታቀብላለች፣ ሰንሰለቱም አይበጠስም።

ዕቃውን በተመለከተ ብዙው በየቤቱ ያለ ነው፦ አካፋ፣ ዶማ፣ ገጀራ፣ ማጭድ፣ መሰላል፣ ጆንያ። ከእድሩ መጋዘን በርሜሎቹን ውሰዱና በየአራት ወይም አምስት ቤቱ አንድ ሞልታችሁ አስቀምጡ፤ ሕፃን እንዳይገባበት ክዳን ይኑረው። ለሣር እሳት ቅጠሉ ያልረገፈ እርጥብ ቅርንጫፍና ውሃ ውስጥ የተነከረ ጆንያ ከብዙ ባልዲ ውሃ ይሻላል። ልብስ የጥጥ ይሁን፤ ናይለን ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ጫማው የቆዳ ይሁን።

ስለ ድርቆሹ አንድ የማስጨንቅሽ ነገር አለ። ክምር የሚቀጣጠለው በሰው እጅ ብቻ አይደለም። ሣሩ ታጭዶ በደንብ ሳይደርቅ ከተከመረ ውስጥ ለውስጥ እየበሰበሰ ይሞቃል፤ ከተከመረ ከሁለት ሳምንት ጀምሮ ራሱን ሊያቀጣጥል ይችላል። ክምሩ የሚጣፍጥ፣ የተቆላ ነገር የሚመስል ሽታ ካመጣ ወይም አናቱ ላይ እንፋሎት ከታየ ረጅም ብረት ወደ ውስጡ ይሰካና ከሩብ ሰዓት በኋላ ይሳብ። ብረቱ በእጅ የማይያዝ ከሆነ ክምሩን በድንገት አትበትኑት፤ አየር ሲያገኝ ይነሣል። ቡድኑን ጥሩ፣ ውሃ አዘጋጁ፣ ስልክ ደውሉ። ክምሮቹ ከቤትና እርስ በርሳቸው ይራራቁ። በዙሪያቸው አሥር እርምጃ ያህል ሣሩ ተነቅሎ አፈሩ ይታይ።

ይህን ማጽዳት ከኅዳር 12 በፊት ጨርሱት። ኅዳር ሲታጠን ሰው በየደጁ ቆሻሻ ያቃጥላል፤ ከ1911 ዓ.ም የኅዳር በሽታ የወረስነው ልማድ ነው፣ በክፉ አላየውም። በድርቆሽ መካከል ግን እያንዳንዱ በየደጁ መለኮሱ ያስፈራኛል። ዘንድሮ መንደሩ ቆሻሻውን አንድ ሜዳ ላይ ሰብስቦ በአንድ ላይ ያጢስ፤ ቡድኑም በርሜልና ቅርንጫፍ ይዞ ይቁም፣ አመዱ እስኪበርድ አይሂድ። መንደሩ ቡድኑን ቆሞ የሚያየው ያን ቀን ነው። ያን ቀን ብዙ ሰው ይመዘገባል፤ መዝገብሽን ይዘሽ ውጪ።

ስለ ስልኩ፦ 939 የአዲስ አበባ እሳት አደጋ ነው። እናንተ በሸገር ከተማ ሥር ስለሆናችሁ የራሳችሁን የእሳት አደጋና የፖሊስ ቁጥር ከከተማ አስተዳደራችሁ በአካል ሄዳችሁ ያዙና በባለሱቁ ግድግዳ ላይ በቀለም ጻፉት። በዚያው ሥልጠና እንዲሰጧችሁ በደብዳቤ ጠይቁ። መኪናው በየት እንደሚገባ ቀድማችሁ እዩ። 8,000 ሊትር ውሃ ብቻውን 8 ቶን ነው፤ በባሕር ዛፍ ግንድ የተሠራ ድልድይ ይህን አይችልም። ደዋዩ ከአስፋልቱ የት ጋ እንደሚታጠፍ፣ ምን እየነደደ እንደሆነ፣ ሰው ውስጥ መኖር አለመኖሩን ይናገር፤ “ዝጋ” እስኪባል ስልኩን አይዝጋ።

እህቴ፣ በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በትልቁ የምትጽፊው ሕግ ግን ይህ ነው፦ ጢስ የሞላበት ቤት ውስጥ ማንም አይገባም። እኛ የምንገባው አየር በጀርባችን ተሸክመን ነው፤ እናንተ ያ የላችሁም። አንድ ጊዜ ይህ ሕግ ተነግሮት የማያውቅ አንድ ጠንካራ ወጣት፣ ቤተሰቡ በሙሉ ከወጣ በኋላ ለአንድ ኩንታል ጤፍ ተመልሶ ገባ። ያወጣሁት እኔ ነኝ። እንዴት እንዳወጣሁት እዚህ አልጽፍም። የእናቱን ድምፅ ግን እስከዛሬ እሰማዋለሁ። የሣር እሳት ላይም እንደዚሁ፦ እሳት ሽቅብ ሲወጣ ከሰው ሩጫ ይፈጥናል፤ ከበላዩ ማንም አይቁም። በነፋሱ ፊትም አትቁሙ። ከተቃጠለው ወገን ሆናችሁ ከጎኑ እየመታችሁ አጥብቡት። ከጠፋም በኋላ የባሕር ዛፍ ጉቶና ሥር ውስጥ ለውስጥ ይነድዳልና ሁለት ሰው ያን ሌሊት እዚያው ይደር።

ጥያቄ፦ 63 ዓመቴ ነው፤ ከየካ አባዶ ወዲያ ባለ አዲስ ሰፈር የሌሊት ጥበቃ ነኝ። ሰፈሩ የእሳት በጎ ፈቃደኛ ሲመዘግብ እጄን ባወጣ ልጆቹ “አባባ ጉልበትዎ ያማል፤ ይረፉ” አሉኝ። በእውነት አልጠቅምም?
ዘበኛው

መልስ፦ ጋሼ፣ በጣም ይጠቅማሉ። ሌሊት ሰውን የሚገድለው ብዙ ጊዜ ነበልባሉ አይደለም፤ ጢሱ ነው። የተኛ ሰው ጢስ ሸትቶት አይነቃም። በዚያ ሰዓት የነቃ አፍንጫና የነቃ ዓይን ያለው በሰፈሩ እርስዎ ብቻ ነዎት። ስለዚህ የሌሊቱ ጠባቂ ሆነው ይመዝገቡ፤ ፊሽካ ወይም ቸርኬ ይሰጥዎት፤ የየግቢውን ቁልፍ ማን እንደሚይዝ ይወቁ።

በአዲስ ሰፈሮች የሚያሰጋኝ ሽቦ ነው። ከጎረቤት ቆጣሪ በቀጭን ሽቦ መብራት ስቦ፣ በዚያው የእንጀራ ምጣድ የሚሰካ ቤት ብዙ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ ቀጭኑ ሽቦ ይግላል፣ ሽፋኑ ይቀልጣል። እንደ ተቃጠለ ፕላስቲክ የሚሸት ነገር ከሸተትዎ በር ያንኳኩ፤ ሰው ተቆጣ አልተቆጣ አይጨነቁ። መብራት ሳይጠፋ በሽቦ እሳት ላይ ውሃ እንዳይደፋ ይከልክሉ። መብራት በሄደ ሌሊት ደግሞ ሻማ ያለበትን መስኮት፣ በብርድ ጊዜ ከሰል ወደ ቤት ያስገባውን ግቢ ልብ ይበሉ፤ የከሰል ጢስ ያለ ነበልባልም ይገድላል። ጉልበትዎን ለልጆቹ ይተዉላቸው።

ጥያቄ፦ 19 ዓመቴ ነው፤ ከገፈርሳ ግድብ በላይ ባለው ሰፈር ነው የምኖረው። ወረዳችን ለበጎ ፈቃደኞች የእሳት ሥልጠና ሊሰጥ ነው። እናቴ ግን እያለቀሰች ትከለክለኛለች። አንድ ልጇ ነኝ። ምን ላድርግ?
ወጣቱ

መልስ፦ ልጄ፣ እናትህን ጥለህ አትሂድ፤ ይዘሃት ሂድ። የፈራችው የማታየውን ነገር ነው። በመጀመሪያው እሑድ ከጎንህ ቆማ ታየው። አሠልጣኙን ራሷ ትጠይቀው፦ “ልጄ ቤት ውስጥ ይገባል ወይ?” ትበለው። “አይገባም” የሚል ግልጽ መልስ ካላገኘች የእሷን ቃል ስማና ተመለስ፤ ያለ መከላከያ ዕቃ ወጣት ወደ ጢስ የሚልክ ሥልጠና ልጅ አይሰጠውም።

ከተቻለ እሷም አብራ ትማር። የተቃጠለ ሰው ላይ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና ወይም ቡና መቀባት በየቤታችን ያለ ልማድ ነው፤ ቁስሉን ያባብሳል። የሚያስፈልገው ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ማፍሰስ፣ ቀለበትና ሰዓት ከማበጡ በፊት ማውለቅ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው። ይህን የምታውቅ እናት በሰፈራችሁ አንድ ብትኖር ምን ያህል እንደምትጠቅም አስብ። በዚህ መንገድ ስትጠይቃት እምቢ የምትል አይመስለኝም።

እሑድ ስትሄዱ ረጅም እጅጌ ያለው የጥጥ ሸሚዝ ልበስ፤ ለእሷም ጠፍጣፋ ጫማ ያዝላት።